ቃሉ በግድግዳው፣ በሩ በአጥሩ፦ የኦልኒው አገልጋይ ቤት ታሪክ

«አስደናቂ ጸጋ» የተሰኘውን መዝሙር ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ዛሬ ግን ስለ መዝሙሩ ሳይሆን፣ ጸሐፊው ጆን ኒውተን ስለኖረበት ቤት ላካፍላችሁ።

ቤቱ በእንግሊዝ አገር፣ ኦልኒ በምትባል ትንሽ ከተማ ያለ የአጥቢያ ቄስ መኖሪያ ነበር። ከተማዋ ዳንቴል እየሠሩ የሚተዳደሩ ብዙ ድሆች ነበሩባት። ኒውተን በ1764 እ.ኤ.አ. ሲመጣ ዋናው ቄስ በዕዳ ተይዞ ሌላ ስፍራ ያገለግል ነበር። ስለዚህ ኒውተን በስም ረዳት ቄስ ይባል እንጂ የመንጋው እረኛ እርሱ ነበር። ሎርድ ዳርትመዝ የተባለ አማኝ መኳንንት በ1760ዎቹ መጨረሻ ቤቱን እንደ አዲስ አሠራለት።

ኒውተን ለጥናት የመረጠው ከጣሪያው ሥር ያለችውን ክፍል ነው። ከምድጃው በላይ በግድግዳው ላይ ሁለት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎችን አስጻፈ። ኢሳይያስ 43፥4 በእግዚአብሔር ዓይን ውድ መሆኑን ይነግረው ነበር። ዘዳግም 15፥15 ደግሞ በግብፅ ባሪያ እንደነበረና ጌታ እንደተቤዠው እንዳይረሳ ያስጠነቅቀው ነበር። በዚያ ቤት ሲኖር፣ ለጥር 1 ቀን 1773 አምልኮ 1 ዜና መዋዕል 17ን ወሰደ። ዳዊት በእግዚአብሔር ፊት ተቀምጦ «እኔ ማን ነኝ? ቤቴስ ምንድን ነው?» በሚል መንፈስ የተደነቀበት ክፍል ነው። መዝሙሩም የተዘጋጀው ለዚያ ቀን ነበር።

አሁን ወደ ግቢው እንውጣ። ባለቅኔው ዊልያም ኩፐር በ1767 ወደ ኦልኒ መጥቶ ከገበያው አጠገብ ቤት ያዘ። በሁለቱ ወዳጆች ጓሮ መካከል የሌላ ሰው የፍራፍሬ ቦታ ነበረ። በዚያ አልፈው ለመገናኘት በዓመት አንድ ጊኒ ይከፍሉ ነበር፤ ቦታውም በዚሁ ስም ተጠራ። በ1773 መጀመሪያ የኩፐር አእምሮ ታወከ፤ እግዚአብሔር ጥሎኛል ብሎ አመነ። በሚያዝያ ወር ወደ አገልጋዩ ቤት መጣ፤ ከአንድ ዓመት በላይም በዚያ ተቀመጠ። ኒውተን በር አልዘጋበትም።

ወገኖቼ፣ በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ወንድም ተጸልዮለት ካልተሻለው እምነቱ የሚጠረጠርበት ጊዜ አለ። ኩፐር በ1800 እስኪሞት ድረስ ያ ጨለማ ፈጽሞ አልለቀቀውም። ሆኖም በ1779 በታተሙት 348 የኦልኒ መዝሙሮች ውስጥ ከስልሳ በላይ የሚሆኑት የእርሱ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ዛሬም በታመመው ወንድሟ ቃል ትዘምራለች።

አንድ ከባድ ነገር ግን አለ። ኒውተን የባሪያ መርከብ አዛዥ የነበረ ሰው ነው፤ ያውም ወደ ጌታ ከተመለሰ በኋላ። ያን ሥራ በ1754 የተወውም ስለታመመ እንጂ ስለ ተጸጸተ አልነበረም። ባሪያ የነበረውን ስለተቤዠ አምላክ የሚናገረው ቃል በኦልኒ ከራሱ በላይ ተጽፎ ነበር። ነገር ግን በባሪያ ንግድ ላይ በግልጽ የጻፈው ወደ ለንደን ከሄደ በኋላ፣ በ1788 ነው፤ መርከቡን ከተወ 34 ዓመት በኋላ። ንግዱን የሚከለክለው ሕግ በ1807 ሲወጣ በሕይወት ነበረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ አረፈ። አጽሙም በ1893 ወደ ኦልኒ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተመለሰ።

ይህን ሳስብ እፈራለሁ። በየቤታችን ግድግዳ ላይ ጥቅስ እንሰቅላለን፤ በእኔም ቤት አለ። ቃሉ ከግድግዳው ተነሥቶ ወደ ልባችን እስኪደርስ ስንት ዓመት ይፈጅበታል? በአጠገቡ በየቀኑ እያለፍን፣ የበደልነውን ሰው ሳናስብ እንኖር ይሆን? ደግሞም እናንተ ገና ጌታን የምትፈልጉ ወዳጆቼ፣ በእርሱ ዘንድ የዘገየ ንስሐም ቦታ እንዳለው እወቁ። ይሁን እንጂ የሚዘገየው በሌላ ሰው ሥቃይ ላይ ነውና፣ አትዘግዩ።

በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር እንድታደርጉ ልለምናችሁ። በቤታችሁ የተሰቀለውን ጥቅስ እንደ አዲስ አንብቡት። ከዚያም በጭንቀት ላለ አንድ ሰው በራችሁን ክፈቱ፤ ዋጋ ቢያስከፍልም።

ጌታ ሆይ፣ በግድግዳችን ያለውን ቃልህን በልባችን ጻፈው። አሜን።