ጀማሪው ከማን ይማራል? ጌም የመሥራት ትምህርት ባለፉት ስድሳ ዓመታት

አለን አልኮርን በ1972 አታሪ የተባለውን ኩባንያ ሲቀላቀል ጌም ሠርቶ አያውቅም ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ኖላን ቡሽኔል ወጣቱን መሐንዲስ እጁን ያፍታታ ብሎ ቀላል ሥራ ሰጠው። አንዲት ነጥብ ስክሪን ላይ ወዲያ ወዲህ ትበል፣ ግራና ቀኝ ሁለት መምቻዎች ይኑሩ፣ ከላይ ውጤት የሚያሳይ ቁጥር ይውጣ። ሥራውን ችላ እንዳይለው ደግሞ ጀነራል ኤሌክትሪክ ያዘዘው ነው አለው። ትእዛዝ የሚባል ነገር ግን አልነበረም፤ ሁሉም ለልምምድ ነበር።

አልኮርን ከተነገረው አልፎ ሄደ። መምቻውን በስምንት ክፍል ከፋፈለው፤ ኳሷ መሃሉን ስትነካ ቀጥ ብላ ትመለሳለች፣ ወደ ጫፉ ስትጠጋ ደግሞ በሰያፍ ትወረወራለች። ቅብብሉ በረዘመ ቁጥር ትፈጥናለች። መምቻዎቹ እስከ ስክሪኑ ላይኛ ጫፍ አይደርሱም ነበር። ይህ የሰርኪዩቱ ጉድለት ቢሆንም ሁለት ጎበዞች ሳይሸናነፉ እንዳይውሉ ስለሚያደርግ ሆን ብሎ ተወው። ፖንግ የተባለው ጌም በካሊፎርኒያዋ ሰኒቬል ከተማ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ለሙከራ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ተበላሸ ተባለ። አልኮርን ሊጠግን ሄዶ ሲከፍተው ብልሽቱ የሳንቲም ማጠራቀሚያው ከአፍ እስከ ገደቡ መሙላቱ ነበር።

ሐሳቡ ከባዶ የፈለቀ አልነበረም። ቡሽኔል ጥቂት ቀደም ብሎ ማግናቮክስ ኦዲሲ የተባለውን መጫወቻና የቴኒስ ጨዋታውን አይቶ ነበር፤ ጉዳዩ ኋላ ፍርድ ቤት ደርሶ በስምምነት ተዘግቷል። ከዚያ በፊት በ1971 የሠራው «ኮምፒዩተር ስፔስ»ም ቢሆን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሠሩት ጌም የተቀዳ ነው። የጌም ሥራ ታሪክ ሲገላበጥ ደጋግሞ የሚመጣው ይኸው ነው፤ ጀማሪ ጥሩ አድርጎ የተማረው ትንሽ፣ ያለቀና ውስጡ የሚታይ የሌላ ሰው ሥራ አግኝቶ መነካካት በቻለበት ዘመን ነው። ውስጡ በተዘጋበት ዘመን ወይ ትምህርቱ ቆሟል፣ ወይ በጓሮ በር ገብቷል።

ሰበብ ያጣው ተማሪ

ቡሽኔል የቀዳው የተማሪዎች ጌም «ስፔስዋር» ይባላል። በ1961 በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ፒዲፒ-1 የተባለ ኮምፒዩተር ገባ፤ ዋጋው 120,000 ዶላር ያህል ነበር። ስቲቭ ረስል ሁለት መንኮራኩሮች የሚታኮሱበት ጌም እሠራለሁ ብሎ ለጓደኞቹ ካወራ በኋላ ሥራውን አልጀመረም። ሳይንና ኮሳይን የሚያሰላ ፕሮግራም የለኝም እያለ ቀኑን ገፋ። አለን ኮቶክ የተባለ ጓደኛው ማሽኑን ወደሠራው ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ ሄዶ ፕሮግራሙ የተበሳበትን የወረቀት ጥቅል አምጥቶ ፊቱ አስቀመጠና አሁንስ ሰበብህ ምንድን ነው አለው።

ረስል ሰበብ አጣና ጌሙን በ1962 ለጨዋታ አበቃው። ከዚያ በኋላ ግን ጌሙ የእሱ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ፒተር ሳምሰን እንዲያው የተበተኑትን ነጥቦች አንስቶ እውነተኛውን የሰማይ ከዋክብት ካርታ ተካበት። ዳን ኤድዋርድስ ደግሞ መሃል ላይ መንኮራኩሮቹን እየሳበች የምትጥል ፀሐይ ጨመረ። ኮዱ የሚሸጥ ነገር አልነበረም፤ ለጠየቀ ይሰጣል። ማሽኑ ወዳለባቸው ሌሎች ተቋማት ሲሻገር ሁሉም የየራሱን አከለበት። በዚያ ዘመን የጀማሪው ፈተና ማሽን ማግኘቱ ነበር፤ ማሽኑ ዘንድ ከደረሰ ግን የሚደበቀው ነገር አልነበረም።

አስገባ፣ አስላ፣ አሳይ

ማሽኑን ለብዙኃኑ ያቀረቡት ሁለት የሒሳብ መምህራን ናቸው። ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ በዳርትማውዝ ኮሌጅ በ1964 ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሲፈጥሩ ሐሳባቸው ሒሳብና ምሕንድስና የማያጠናው ተማሪም ኮምፒዩተር ያዝዝ ዘንድ ነበር። በተመሳሳይ ዓመታት ኮምፒዩተር ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም መግባት ጀመረ። በ1969 ሰው ጨረቃን በረገጠ በጥቂት ወራት ውስጥ ጂም ስቶረር የተባለ የማሳቹሴትስ ተማሪ ጨረቃ ላይ የማረፍ ጌም ጻፈ።

ይህ ጌም ስዕል የሚባል የለውም። ማሽኑ ከፍታህ ይህን ያህል፣ ፍጥነትህ ይህን ያህል፣ የቀረህ ነዳጅ ይህን ያህል ብሎ ወረቀት ላይ ያትማል። ተጫዋቹ ለቀጣዩ 10 ሰከንድ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚያቃጥል ቁጥር ያስገባል። ማሽኑ አስልቶ አዲሱን ከፍታና ፍጥነት ያትምና መልሶ ይጠይቃል። ነዳጁን ቶሎ የጨረሰ ይከሰከሳል፤ የሰሰተም ይከሰከሳል።

ቀላል ይመስላል እንጂ የጌም ሥራ መሠረቱ ሁሉ እዚህ አለ። አስገባ፣ አስላ፣ አሳይ፣ ተመለስ። ዛሬ ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ የሚታየው የእግር ኳስ ጌም የሚሠራው በዚሁ ዙር ነው። ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው፤ የተጫዋቹን ጣት ማንበብ፣ ሃያ ሁለቱን ተጫዋቾችና ኳሷን ማንቀሳቀስ፣ ሁሉንም መሳል በሰከንድ 60 ጊዜ ይደጋገማል። አንዱ ዙር ከ17 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ማለቅ አለበት ማለት ነው። ይህን ዙር ለተረዳ ጀማሪ ቀሪው ጭማሪ ነው።

የስቶረር ጌም ወደ ቤዚክ ተገልብጦ ዴቪድ አል በ1973 ባሳተመው የ101 ጌሞች መጽሐፍ ውስጥ ገባ። መጽሐፉ የያዘው ስለ ጌም ወሬ ሳይሆን የጌሞቹን ሙሉ ኮድ ነው። በ1978 ለቤት ኮምፒዩተር ተስተካክሎ የወጣው እትም በኮምፒዩተር መጻሕፍት ታሪክ ሚሊዮን ቅጂ የተሸጠ የመጀመሪያው መጽሐፍ ሆነ። በ1982 በእንግሊዝ ዜድኤክስ ስፔክትረም፣ በአሜሪካ ኮሞዶር 64 ሲወጡ ደግሞ በየወሩ የጌም ኮድ የሚያትሙ መጽሔቶች በዙ። እነዚህ ማሽኖች ሲበሩ የሚመጣው ቤዚክ ራሱ ነው፤ መጫወት የፈለገ ልጅ ከመጽሔቱ እያየ መስመር በመስመር ይተይባል።

ያን ሁሉ ተይቦ ጌሙ እንቢ ይላል። አንዲት ኮማ ተዘልላለች፣ ወይም ዜሮ መሆን የነበረበት «ኦ» ሆኗል። ስህተቱን ለማግኘት ኮዱን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ግድ ነው፤ ሲያነብም የትኛው መስመር ምን እንደሚሠራ ይገባዋል። መስመሮቹ 10፣ 20፣ 30 እየተባሉ የሚቆጠሩት መሃል ላይ 15 ለማስገባት ቦታ እንዲኖር ነበር፤ ልጁም ያንን ቦታ ተጠቅሞ ሕይወቱን ከሦስት ወደ ሠላሳ ያሳድጋል፣ የጠላቱን ፍጥነት ይቀንሳል። የራሱን ጌም ወደ መሥራት የሚሻገረው በዚያ በኩል ነው። ኋላ ዱም ከተባለው ጌም ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ጆን ሮሜሮ የመጀመሪያ ጌሙን በ1984 መጽሔት ላይ ያሳተመው ከዚህ ትውልድ ወጥቶ ነው።

ውስጡ የተዘጋበት ዘመን

በጎን ግን ሌላ ዓለም እያደገ ነበር። በ1977 የወጣው የአታሪ የቤት መጫወቻ ጌሙን በካርትሪጅ እየሸጠ መጣ። የማስታወሻው መጠን 128 ባይት ብቻ ስለነበር ለእሱ ጌም መጻፍ የጥቂት ባለሙያዎች ምስጢር ሆነ። የሠሪዎቹ ስም እንኳ አይወጣም ነበር፤ ዋረን ሮቢኔት «አድቬንቸር» የተባለ ጌሙ ውስጥ ስሙን ድብቅ ክፍል ሠርቶ የጻፈው ለዚህ ነው። ኔንቴንዶ በ1985 አሜሪካ ሲገባ ደግሞ ያልተፈቀደ ካርትሪጅ የሚያግድ ቺፕ መሣሪያው ውስጥ ከተተ። ሱፐር ማርዮ የሚጫወተው ሕፃን ማርዮ ለምን ያን ያህል እንደሚዘልል ከፍቶ ማየት አይችልም። ተጫዋቹ በዛ፣ በየቤቱ ለሚሞክረው ጀማሪ ግን መንገዱ ጠበበ።

መንገዱ የተከፈተው በግል ኮምፒዩተር በኩል ነው። በ1991 ቲም ስዊኒ የተባለ የሜሪላንድ ተማሪ «ዜድዜድቲ» የተባለ በፊደላትና በምልክቶች ብቻ የተሳለ ጌም አወጣ። ጌሙ የተሠራበትን መሣሪያም አብሮ ሰጠ፤ የገዛው ሁሉ የራሱን ዓለም መገንባት ይችላል። የስዊኒ ኩባንያ ኋላ ኤፒክ ጌምስ ሆነ። በታኅሣሥ 1993 የወጣው ዱም ደግሞ ከሠሪዎቹ አንዱ በሆነው በጆን ካርማክ ውሳኔ ካርታው፣ ስዕሉና ድምፁ ከፕሮግራሙ ተለይተው በሌላ ፋይል እንዲቀመጡ ተደረገ። ሰው ዋናውን ጌም ሳያበላሽ የራሱን ካርታ እንዲከትበት ታስቦ ነው። በ1997 ኮዱ ራሱ ለሕዝብ ተለቀቀ።

ውጤቱ ሩቅ ሄደ። ሚን ሌና ጄስ ክሊፍ የተባሉ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አንዱ በካናዳ አንዱ በአሜሪካ ሆነው፣ «ሃፍ-ላይፍ» የተባለውን ጌም እየለዋወጡ በ1999 «ካውንተር-ስትራይክ»ን ሠሩ። ሃፍ-ላይፍም ቢሆን ኩዌክ የተባለው የካርማክ ጌም በተሠራበት መሣሪያ ላይ የቆመ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የሃፍ-ላይፍ ሠሪ ቫልቭ የተማሪዎቹን ሥራ የራሱ አደረገው።

መሣሪያው በነጻ ሲመጣ

ከዚያ ወዲህ ያለው የጌም ኢንጂን ዘመን ነው። ስበትን፣ ግጭትን፣ ብርሃንን አስቀድሞ የሠራ መሣሪያ ማለት ነው። ማርክ ኦቨርማርስ የተባለ የሆላንድ ፕሮፌሰር ኋላ ጌምሜከር የተባለውን በ1999 በነጻ አወጣ። በኮፐንሃገን ሦስት ወጣቶች የሠሩት «ጉቦል» የተባለ ጌም ገበያ አልቀናውም፤ ጌሙን ለመሥራት ያዘጋጁት መሣሪያ ግን በ2005 ዩኒቲ ተብሎ ወጣና በ2009 ነጻ እትም ተጨመረለት። በ2014 ሁዋን ሊኒየትስኪና አሪኤል ማንዙር የተባሉ ሁለት አርጀንቲናውያን ጎዶ የተባለውን ኢንጂን ከነኮዱ ለሕዝብ ለቀቁ። አንሪል የተባለው የስዊኒ ኩባንያ ኢንጂን በ2015 ያለ ቅድሚያ ክፍያ ተከፈተ።

ነጻ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጻ አይደለም። ዩኒቲ በመስከረም 2023 ጌሙ በተጫነ ቁጥር ከተወሰነ መጠን በላይ ያስከፍላል የሚል ውሳኔ ሲያወጣ ሠሪዎች ተቆጡ፤ ብዙዎች ወደ ጎዶ ማማተር ጀመሩ። ኩባንያው ከዓመት በኋላ ክፍያውን ቢሰርዘውም የመሣሪያው ባለቤት ሌላ ሲሆን ደንቡም በሌላ እጅ መሆኑ በግልጽ ታየ።

ከገንዘቡ ይልቅ ጀማሪውን የሚጎዳው ግን ሌላ ነው። ኢንጂኑ ዙሩን ይደብቅበታል። ገጸ ባሕሪውን አምጥቶ ስበት የሚለውን ሲነካ ይወድቃል፤ ለምን እንደወደቀ ግን አያውቅም። ዩቲዩብ ከፍቶ የተባለውን እየተከተለ ይሠራል፣ ቪዲዮው ሲያልቅ ብቻውን አንድ እርምጃ መሄድ ያቅተዋል። ከዚያ ሌላ ቪዲዮ ይከፍታል። የዱሮው ልጅ የሚተይበውም የሰው ኮድ ነበር፤ ግን ስህተቱን ራሱ ፈልጎ ያገኛል፣ ቁጥሩንም ራሱ ይለውጣል። የዛሬውን ጀማሪ የጎደለው ይህ መነካካት ነው።

ኤሪክ ባሮን ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በ2011 ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ ሲያጣ የፕሮግራም ችሎታውን ለማዳበር ብሎ አንድ የግብርና ጌም ጀመረ። «ሃርቨስት ሙን» የተባለውን የጃፓን ጌም ይወድ ነበር፤ ኋላ የወጡት ክፍሎች ግን ስላላረኩት እንዲህ ቢሆን ይሻል ነበር የሚለውን መሥራት ያዘ። ስዕሉን፣ ሙዚቃውን፣ ኮዱን ብቻውን ሠርቶ በ2016 «ስታርዲው ቫሊ»ን አወጣ። በሚሊዮኖች የተሸጠ ጌም ሆነ። ከአራት ዓመት በላይ ስለፈጀበት ለጀማሪ በርዝመቱ አርአያ አይሆንም። አርአያነቱ የሚወደውን ጌም የጎደለው ምን እንደሆነ አውቆ መነሳቱ ላይ ነው።

ከገበጣ መነሳት

አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ»ን ሠርቷል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። ለጀማሪ ከሁለቱ የሚስማማው ገበጣ ነው። ደንቡን የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው፣ ስዕል አይጠይቅም፣ ሩጫ የለበትም። ኮዱ ሁለቱን ረድፍ እንደ አሥራ ሁለት ቁጥሮች ዝርዝር ይይዛል፤ በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር ካለ አሥራ ሁለቱም ቁጥር 4 ነው። ተጫዋቹ ጉድጓድ ይመርጣል፣ ያ ቁጥር 0 ይሆናል፣ የተነሱት ጠጠሮች ቀጥሎ ባሉት ጉድጓዶች አንድ አንድ ይጨመራሉ። ኮድ ከ0 ስለሚቆጥር የመጨረሻው ጉድጓድ 11 ነው፤ ከ11 ቀጥሎ ወደ 0 መመለስን የረሳ ጀማሪ ጠጠሩ ከገበታው ውጭ ይወድቅበታል። ያን ስህተት አግኝቶ ማረም ብዙ ቪዲዮ ከማየት የበለጠ ያስተምራል።

ይህ በቁጥር ብቻ ከሠራ በኋላ ነው ስዕል፣ ድምፅና ሜኑ የሚመጣው። ጽሑፉን በአማርኛ ለማድረግ የፈለገ ደግሞ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ፕሮጀክቱ ውስጥ መክተት ይኖርበታል፤ አለዚያ ብዙ ጊዜ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ኢንተርኔት ውድ ለሆነበትና አሮጌ ላፕቶፕ ላለው ጎዶ ይመቻል፤ ፋይሉ ከትልልቆቹ ኢንጂኖች ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፣ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

የገበጣ ደንብ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ መለወጡም ቀላል ነው። የአያቱን ሰፈር ደንብ የሚያስገባ፣ ሦስተኛ ረድፍ የሚጨምር፣ ኮምፒዩተሩን ተቃራኒ ተጫዋች የሚያደርግ ጀማሪ የመጀመሪያ ጌሙን ጨርሶ ሁለተኛውን ጀምሯል ማለት ነው። ያኔ ኮዱን ኮምፒዩተሩ ውስጥ ቆልፎ ከማስቀመጥ ለሚቀጥለው ጀማሪ ክፍት አድርጎ ቢለቀው ይሻላል፤ በአማርኛ ማብራሪያ የታከለበት፣ ትንሽና ያለቀ የጌም ኮድ እንደልብ አይገኝምና።