የእንዶድ ሊቅ መምህራን

በአገራችን የቤተ ክህነት ትምህርት፥ አንድ የቅኔ ተማሪ ወደ ሌላ ጉባኤ ሲሻገር ከሁሉ አስቀድሞ «ከማን ተማርህ?» ተብሎ ይጠየቃል። የመምህሩ ስም፥ የመምህሩም መምህር ስም ለዕውቀቱ ዋስ ይሆነዋል። ይህ ልማድ ለዘመናዊው ሳይንስ ሊቃውንትም የሚገባ ስለ ሆነ፥ በእንዶድ ምርምር ስማቸው የታወቀውን የዶክቶር አክሊሉ ለማን (1935–1997) የትምህርት ሐረግ በአጭሩ ልንመለከት ወደድን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዶክቶር አክሊሉ በአሜሪካ አገር በኖርዝዌስተርን፥ በዊስኮንሲንና በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲዎች ተምረው፥ ከመጨረሻው የዶክቶርነት ማዕረግ ተቀብለዋል። በዚያም ከኤቨሬት ሺለር ጋር ሌሽማንያ ስለሚባለው ጥገኛ ተሐዋሲ ያደረጉት ምርምር በ1964 ታትሟል። በጆንስ ሆፕኪንስ የጤና አጠባበቅን ትምህርት ቤት በ1916 ያቋቋመው ዊልያም ዌልች ነበር፤ ዌልችም በወጣትነቱ ወደ ስትራስቡርግ ተሻግሮ፥ ዛሬ ባዮኬሚስትሪ የምንለውን ትምህርት ከፌሊክስ ሆፔ ዛይለር ዘንድ ቀስሟል። ሆፔ ዛይለር በ1864 ለደም ቀይ ቀለም ሄሞግሎቢን የሚለውን ስም የሰጠ፥ በ1877ም የዚህን ትምህርት መጽሔት የመሠረተ ሊቅ ሲሆን፥ እርሱ ራሱ ቀድሞ በበርሊን በሩዶልፍ ቪርኾ ዘንድ የሠራ ነው። እንግዲህ ሐረጉ ከበርሊን ተነሥቶ፥ በስትራስቡርግና በባልቲሞር አልፎ ወደ ኢትዮጵያ ደረሰ ብንል ከእውነት አንርቅም።

ይሁን እንጂ ይህ ሐረግ ብቻውን የእንዶድን ምሥጢር አልገለጠም። በዚያው በ1964 ዶክቶር አክሊሉ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ለመመርመር በአድዋ ወንዝ ዳር ሳሉ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የእንዶድ ፍሬ ሳፖኒን የሚባል፥ እንደ ሳሙና አረፋ የሚሰጥ ንጥረ ነገር አለው፤ ልብሱን የሚያነጻው ይኸው ነገር ቀንድ አውጣውን ይገድላል። ቀንድ አውጣውም ከሞተ የበሽታው ትል የሚያድግበትን ማደሪያ ያጣል። ይህን የሚገድለውን ንጥረ ነገር በአሜሪካ የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ኬሚስቶች ኋላ ለይተው አውጥተው «ለማቶክሲን» ብለው ሰየሙት።

ዶክቶር አክሊሉ በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂን ተቋም አቋቋሙ፤ ተቋሙም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክቶር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ።

እንግዲህ የአድዋ ሴቶች መምህራን አይባሉምን? ጥያቄው የክብር ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፥ በአሜሪካ የውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን ባለዛጎል ፍጡር በእንዶድ ለማጥፋት የፈጠራ መብት ሲመዘገብ፥ የዶክቶር አክሊሉ ስም ከፈልሳፊዎቹ ጋር ተጻፈ፤ ባለመብቱ ግን የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እንዶዱን ለዘመናት ሲለቅሙና ሲወቅጡ የኖሩት ከመብቱ ባለቤቶች አልተቈጠሩም። የመምህሩ ስም ሲረሳ ድርሻውም አብሮ ይረሳል።

አገራችን ከዚህ የተማረችው ነገር አለ። በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የአንድ ማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ፈቃዱ እንዳይወሰድ፥ ከሚገኘውም ጥቅም ድርሻው እንዳይቀርበት ይደነግጋል። ይህንንም እንዲያስፈጽም ኃላፊነቱ የተሰጠው፥ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል በየካ የሚገኘው የብዝኃ ሕይወት ተቋም ነው።

ነገር ግን አዋጅ ብቻውን አይበቃም። ከዚያው ከከተማይቱ ምሥራቅ፥ ከቦሌ አውሮፕላን ጣቢያ፥ ለከፍተኛ ትምህርት የሚነሣው ወጣታችን በባዕድ አገር «ከማን ተማርህ?» ተብሎ ሲጠየቅ፥ የታላላቆቹን ፕሮፌሰሮች ስም በክብር ይጥራ፤ ከዚያም በፊት ልብስ ሲያጥቡ፥ መድኃኒት ሲቀምሙ፥ ዘር ሲመርጡ ያስተማሩትን እናቶቹንና አባቶቹን ያስብ። ሙሉ ሐረግ ማለት ይኸው ነው።