ፈለግ ይዞ ወደ እንጦጦ

ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ የሚራመድ ሰው ሁለት ነገር ቶሎ ይገባዋል፦ ሜዳው ሜዳ አይደለም፤ የሚሸጠውም ሽሮ ሳይሆን ጥበብ ቀሚስና ነጠላ ነው። ስሙ ቆሟል፣ ነገሩ ሄዷል።

«አቀበት» የግእዙ ዐቀብ ነው። ዐረቡ ዐቀባ ይለዋል፤ በቀይ ባሕር ጫፍ ያለችው የዐቃባ ወደብ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። በዕብራይስጥ ዐቄብ ተረከዝ ነው፤ ያዕቆብም የወንድሙን ተረከዝ ይዞ ስለተወለደ ያዕቆብ ተባለ። የአቀበትንና የተረከዝን ዝምድና ለማመን መዝገበ ቃላት መግለጥ አያስፈልግም፤ አሥር ደቂቃ መውጣት ይበቃል።

«መንገድ» ደግሞ ከነገደ ይወጣል። ነገደ በግእዝ ተጓዘም ነው፣ ሸቀጠም ነው፤ ነጋዴ፣ ንግድና መንገድ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። እዚህ ዳገት ላይ ከሸቀጥ ይልቅ የተጓዘው ስም ነው። ቁስቋምን እዩ፦ እመቤታችን በስደቷ ያረፈችበት የግብፅ ተራራ ስም ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ የቤተ ክርስቲያን ስም አድርገው ጎንደር ላይ ተከሉት፤ ዛሬ ጉለሌም የራሷ ቁስቋም አላት። ጉለሌ ራሷ በአካባቢው ይኖር የነበረ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳ ስም ናት።

ትግርኛ ለታቦት በዓል የሚደረገውን ጉዞ ከዚሁ ከነገደ አውጥቶ ንግደት ይላል። እኛ ቀኑን ንግሥ እንላለን፤ ይህኛው ግን ከነግሠ ነው። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑት እንጦጦ ማርያም ነበር። ታቦትም ንጉሥም በአንድ ግሥ ይነግሣሉ።

ከፍ ብሎ የመልአኩ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አለ። ስሙ በዕብራይስጥ ረዑኤል፣ የእግዚአብሔር ወዳጅ ማለት ነው። ታዲያ «ጉ» ከየት መጣች? ከግሪክ። ግሪኮች ያችን የ«ዑ»ን የጉሮሮ ድምፅ መጻፊያ ፊደል ስላልነበራቸው አንዳንዴ በገማ ተኩዋት፤ ዐዛ ጋዛ፣ ዐሞራ ገሞራ የሆኑትም በዚሁ ነው። መልአኩ ወደ ግእዝ የገባው በግሪክ በር በኩል ነው።

ዛፎቹም ስም አላቸው። ጥድ የግእዙ ጽሕድ ነው፤ ሐውት ወደቀ፣ ጸም ወደ ጠ ዞረ፣ ጾም ጦም፣ ጸጉር ጠጉር እንደሆነው። ባሕር ዛፍ ግን ምንም አይደብቅም፦ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ ምድር መጥቶ ተራራውን ሞላው። በቆሎም ስትገባ ባሕር ማሽላ ተብላ ነበር። አማርኛ ለእንግዳ አዲስ ስም ከመፍጠር መምጫውን መናገር ይቀለዋል።

በጠባቡ መንገድ ሴቶች ጭራሮ ተሸክመው ይወርዳሉ፤ ሸክሙ ከኋላ ሲታይ ከሰው ይሰፋል። «በርቱ እናቴ» ብዬ አሳለፍኳቸው። እንጨት የግእዙ ዕፅ ልጅ ነው፤ ፀ ጨ ሆኖ፣ መሀሉ ላይ «ን» ሰርጎ። ልጅየው ምድጃ ሲሞላ አባትየው ዕፅ ዛሬ በጋዜጣ «አደንዛዥ» ከሚል ቅጽል ጋር ይውላል። የገነት ዛፍ የነበረ ቃል ፖሊስ የሚፈልገው ሆነ።

ስመለስ ወንዝ ተከትዬ ነው። ግእዝ ወንዝን ፈለግ ይላል፤ አማርኛ ደግሞ የአባቱን ፈለግ ተከተለ ሲል ዱካን ነው። የዕብራይስጡ ፔሌግ ጅረት፣ የአካዱ ፓልጉ በሰው እጅ የተቆፈረ ቦይ። መስጴጦምያ ውስጥ እርሻ ያጠጣ ቃል እዚህ የእግር ኮቴ ሆኗል።

ወንዙ ቀበና ነው። ቀበና በኦሮምኛ ቅዝቃዜ ማለት ነው። ቁስቋም ከግብፅ፣ ራጉኤል በግሪክ በር፣ ባሕር ዛፍ ከማዶ፣ ሽሮ ሜዳ ያለ ሽሮ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጄን ከወንዙ ነከርኩ። ስሙ ከነገሩ አልራቀም፤ ጣቶቼ ደነዘዙ።