ብረቱን ሳያወጡ ኢንፌክሽኑን መለየት፦ የዳላሱ ሙከራ ያስነሣው ጥያቄ

ሰው ሠራሽ የጉልበት ወይም የዳሌ መገጣጠሚያ ከሚገጠምላቸው ሰዎች ውስጥ ከመቶ አንድ ወይም ሁለቱ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። ባክቴሪያው ብረቱ ላይ ተጣብቆ፣ ባዮፊልም በሚባል ዝልግልግ ሽፋን ተከልሎ ስለሚኖር አንቲባዮቲክ ብቻውን አያጠፋውም። ሥር ለሰደደው ኢንፌክሽን የተለመደው ሕክምና መገጣጠሚያውን አውጥቶ፣ ለሳምንታት መድኃኒት ሰጥቶ፣ በሌላ ቀዶ ሕክምና አዲስ መግጠም ነው።

በዳላስ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሳውዝዌስተርን የሕክምና ማዕከል ራጂቭ ቾፕራ፣ ዴቪድ ግሪንበርግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ሌላ መንገድ አሳዩ። ከውጭ በሚያልፍ ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ፣ የማይዝግ ብረት ላይ ያደገውን ሱዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ ባዮፊልም በእጅጉ መቀነስ ቻሉ፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ሲጨመርበት ደግሞ ውጤቱ በረታ። መስኩ ብረቱ ውስጥ ጅረት ቀስቅሶ ያሞቀዋል፤ ጅረቱ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ከገጹ ብዙም ስለማይዘልቅ፣ ሙቀቱ የሚፈጠረው ባክቴሪያው በተጣበቀበት ቦታ ነው። አደጋውም እዚያው ነው፤ አጠገቡ ያለ ጤነኛ ሥጋ ሊቃጠል ይችላል። ቡድኑ በ2018 ባሳተመው ሥራ፣ ብረቱን የነካው ፈሳሽ መፍላት ሲጀምር የሚያሰማውን ድምፅ ከርቀት በመቅዳት ከመጠን ያለፈ ሙቀትን ማወቅ እንደሚቻል አመለከተ።

ሕክምናው ያለ ቀዶ ጥገና ወደ መሰጠት ሲቃረብ ምርመራው ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። ዛሬም ሐኪሙ መገጣጠሚያው ውስጥ መርፌ አስገብቶ ፈሳሽ ይቀዳል፤ ነጭ የደም ሴሎች ይቆጠራሉ፤ ቀሪው ባክቴሪያውን አሳድጎ ለመለየት ለካልቸር ይላካል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ቀስ ብለው ስለሚያድጉ እስከ 14 ቀን ይጠበቃል። ቀድሞ አንቲባዮቲክ የወሰደ በሽተኛ ከሆነማ ካልቸሩ ባዶ ሊወጣ ይችላል።

ለዚህ ችግር የኤሌክትሪክ ምርመራ ተስፋ ይሰጣል። ኢንፌክሽን አካባቢውን በፈሳሽ ያሳብጣል፣ አሲድነቱን ይጨምራል፤ ይህም የሥጋውን ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ይለውጣል። በጉልበቱ ዙሪያ ኤሌክትሮዶች ተለጥፈው፣ በሽተኛው የማይሰማው ደካማ ጅረት ቢላክ የቮልቴጁ ለውጥ ሊለካ ይችላል። እንቅፋቱ ራሱ ብረቱ ነው። ኮባልት ክሮምም ሆነ ታይታኒየም ከሥጋ ከመቶ ሺህ እጥፍ በላይ ጅረት ያስተላልፋል፤ ጅረቱን ወደ ራሱ ስቦ በገጹ ላይ ያለውን ትንሽ ለውጥ ይውጠዋል። በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ብረቱና ፈሳሹ የሚገናኙበት ገጽ ጅረቱን ስለሚከለክል ነገሩ በመጠኑ ይሻሻላል፤ ይሁንና ቆዳና ስብ ምልክቱን ያደበዝዙታል።

መግነጢሳዊ መስኩን የሚፈጥረው የዳላሱ ጥቅልል ሽቦ ራሱ ምርመራውንም ይሥራ የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። አይመስለኝም። ከጥቅልሉ የሚነበበው ምልክት ከሞላ ጎደል የብረቱ ነው፤ ስስ የባክቴሪያ ሽፋን በዚያ ላይ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ከግምት አይገባም።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ሱሚት ጉፕታና ኬኔት ሎህ የመረጡት መንገድ የበለጠ ብልህነት አለው፤ የአሲድነት መጠን ሲለወጥ የኤሌክትሪክ ባሕርዩ አብሮ የሚለወጥ ስስ ሽፋን ሠርተው፣ ለውጡን ሳይነኩ ከውጭ ማንበብን ሞከሩ። ጉድለቱ ግልጽ ነው፦ አስቀድሞ ሽፋኑ ላልተቀባ፣ ዛሬ በሰው ጉልበት ውስጥ ላለ ብረት አይደርስም።

ላቦራቶሪ በራቀበት አገር፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ በጥቂት ኤሌክትሮዶች የሚሠራ ርካሽ መሣሪያ ማራኪ መሆኑ አያጠራጥርም። እብጠት ግን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለ ኢንፌክሽንም ለሳምንታት ይቆያል፤ ስለዚህ አንድን ንባብ ለብቻው ማመን አይገባም። ቁስሉ ከዳነ በኋላ የበሽተኛው የራሱ መነሻ ልኬት ተወስዶ ቀጣዮቹ ከዚያ ጋር ሊነጻጸሩ ይገባል። ለመሣሪያው ከባዱ ፈተና ደግሞ መገጣጠሚያው የሚያመውና ያበጠበት፣ ነገር ግን ኢንፌክሽን የሌለበት ሰው ነው፤ ያለ ባክቴሪያ ብረታቸው የላላባቸው በሽተኞች በጥናቱ ካልተካተቱ መሣሪያው የሚለካው እብጠትን ይሁን ኢንፌክሽንን አይለይም።