በረን፦ ሰው ያራቆተው ድንጋይ

ምዕራብ አየርላንድ ውስጥ፣ ክሌር በሚባለው ግዛት፣ በረን የተባለ የኖራ ድንጋይ አገር አለ። ስሙ በአይሪሽ «ድንጋያማ ቦታ» ማለት ነው። ላየው ሰው ተፈጥሮ የነፈገችው ምድር ይመስላል። አይደለም። ቀድሞ ጫካ ነበረበት፤ ጫካውን የጥንት ገበሬዎች መነጠሩት፣ አፈሩንም ዝናብ አጥቦ በድንጋዩ ስንጥቅ አሰረገው።

እነዚያው ገበሬዎች ፑልናብሮን የተባለውን መቃብር ተከሉ። በቋሚ ድንጋዮች ላይ አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጭኗል፤ ማያያዣ የለውም፤ ግን ከ5,000 ዓመት በላይ ቆሟል። እንደ አውሮፓውያኑ በ1986 አንዱ ቋሚ ተሰንጥቆ ሲጠገን በተደረገው ቁፋሮ ከ30 የሚበልጡ ሰዎች አጽም ተገኘ፤ የሕፃናትም ጭምር።

አበቦቹ ደግሞ ሌላ ጉድ ናቸው። የዋልታ አካባቢና የሜዲትራኒያን ዕፅዋት ጎን ለጎን ይበቅላሉ። ጠባቂያቸው አጥር ሳይሆን ከብት ነው። ሌላው አገር በብርድ ወራት ከብቱን ከተራራ ሲያወርድ የበረን ገበሬ ያወጣል፤ ድንጋዩ የበጋውን ሙቀት ይዞ ይቆያልና። ከብቱ አሮጌውን ሣር ሲግጥ አበባው በጸደይ ብርሃን ያገኛል። ግጦሹ ከቀረ ሁሉንም ቁጥቋጦ ይውጠዋል፣ የጥንቱን ድንጋይ ሳይቀር።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት በሙላግሞር ኮረብታ አጠገብ የጎብኚዎች ማዕከል መገንባት ጀመረ። የአካባቢው ሰው ለሁለት ተከፈለ፦ ገሚሱ ሥራ ይገኛል አለ፣ ገሚሱ ተቃወመ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የሥራ ጥያቄው የሚናቅ አልነበረም። በ1993 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም የግንባታ ፈቃድ ያስፈልገዋል ሲል ወሰነ። ክርክሩ ግን ዓመታት ፈጀ፤ በ2000 ፈቃዱ ተከለከለ፣ የተጀመረውም ፈርሶ ተነሳ።