የበሬው ቸነፈርና የክፉ ቀን ረኃብ

ረኃብ ዝናም በመቅረቱ ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ሰው፣ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት በሀገራችን ላይ የወረደውንና አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው የሰየሙትን መከራ በጥሞና ሊመረምር ይገባዋል፤ በዚያ ዘመን ከድርቁና ከአንበጣው ጋራ ተባብሮ ሕዝቡን ለሞት አሳልፎ የሰጠው፣ የአራሹን ክንድ የሰበረው የከብት ቸነፈር ነበርና።

ደስታ የተባለው ይህ በሽታ፣ ኢጣልያኖች ለሠራዊታቸው በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋራ እንደ መጣ ይነገራል። የተያዘው በሬ ትኩሳት ይጀምረዋል፣ ዓይኑ ያነባል፣ አፉ ይቆስላል፣ ማመስኳቱን ይተዋል፤ በመጨረሻም ተቅማጥ አድክሞት ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ይወድቃል። ከሰሜን ወደ ደቡብ እንደ ሰደድ እሳት የተዛመተው መቅሠፍት ከሀገሪቱ ቀንድ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙን እንደ ፈጀ ይገመታል።

በሬው ሲሞት ቀንበሩና ሞፈሩ ሥራ ፈቱ፤ ላሚቱ ስትሞት የሕፃናቱ ወተትና የቤቱ ቅቤ ጠፋ፤ ገበሬውም ለከርሞ ያኖረውን ዘር በላው፣ ስለዚህም ዝናሙ በተመለሰ ጊዜ መሬቱን የሚያርስበትም የሚዘራውም አልነበረውም። በዚህ ላይ አንበጣና ተምች የቀረውን ቡቃያ አጠፉ፤ በረኃብ የደከመውንም ሥጋ ፈንጣጣና ኮሌራ ወረሱት። ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ ብለው የሚገምቱ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ፤ ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ መውደቃቸውና የመንግሥቱ መናወጥም ችግሩን አከበደው።

ዐፄ ምኒልክ ጎተራቸውን ለተራበው ከመክፈታቸው በላይ፣ መኳንንቱና ወታደሩ በእጅ መቆፈርን እንዳይንቁት ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት እንደ ቆፈሩ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በጻፉት ታሪክ ይገኛል። ይህ ሥራ የንጉሥ ትሕትና ብቻ ሳይሆን ጥልቅ ማስተዋልም ነበረ፤ በሬ በሌለበት ሀገር የሚታደል እህል ቀን ቢያሻግር እንጂ፣ ሕዝቡ ከረኃብ የሚወጣው የማረስ ሥራ እንደገና ሲጀመር ብቻ መሆኑን ተረድተውታልና።

ቸነፈሩ ግን በኢትዮጵያ አልቆመም፤ በምሥራቅ አፍሪካ የማሳይን ሕዝብ ከብት ፈጅቶ፣ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ እስከ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በክትባትና በእንስሳት ሐኪሞች ትጋት፣ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ለዓለም ታወጀ።

ሆኖም ትምህርቱ ከበሽታው ጋራ አልጠፋም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ዓለምን ባስጨነቀ ጊዜ፣ በየከተማው የጉልበት ሠራተኛው ገበያ ላይ እህል እያየ የሚገዛበትን የቀን ደመወዝ አጣ፤ በምሥራቅ አፍሪካም አንበጣው በዚያው ዓመት ተጨመረበት። የገበሬው በሬም ሆነ የሠራተኛው ደመወዝ፣ ሁለቱም ሰው ከእንጀራው ጋራ የሚገናኝባቸው ድልድዮች ናቸው። ስለዚህ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ሕሙማንን መፈወስ ታላቅ ግዳጅ ቢሆንም፣ የአራሹን በሬና ዘር፣ የሠራተኛውንም የዕለት ገቢ ከጥፋት መጠበቅ ከሕክምናው እኩል ሊታሰብበት ይገባል፤ ይህን የሚዘነጋ መንግሥት ከበሽታ ያተረፈውን ሕዝብ ለረኃብ ይሰጠዋል።