የራስን ከርነል መሥራት፤ ኮምፒዩተሩ እንዲነሳ፣ ኔትወርኩም እንዳይጠፋ

ከርነል የሊኑክስ እምብርት ነው፡፡ ፕሮግራሞች ከዲስኩ፣ ከሚሞሪውና ከኔትወርክ ካርዱ ጋር የሚገናኙት በእርሱ በኩል ነው፡፡ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ሄልሲንኪ ሆኖ ካወጣው በኋላ፣ በ1992 ጂፒኤል በተባለው ፈቃድ ሥር ስላዋለው ማንም ሰው ምንጩን ወስዶ እንዳሻው ሊቀይረው ይችላል፡፡ (የሕግ ተማሪ ነበርኩና ከኮዱ ይልቅ ፈቃዱ ቢያስደንቀኝ አይፍረዱብኝ፡፡)

ምርጫው የሚከናወነው «ሜክ ሜኑኮንፊግ» በሚለው ትእዛዝ ነው፡፡ ጥያቄው በሺህ የሚቆጠር ሲሆን የአብዛኛው መልስ ከሦስት አንዱ ነው፡፡ «ዋይ» ካሉ ክፍሉ ከከርነሉ ጋር አብሮ ይሠራል፤ «ኤም» ካሉ ሞጁል ሆኖ ዲስክ ላይ ይቀመጥና ሲፈለግ ይጫናል፤ «ኤን» ካሉ ይቀራል፡፡ ከባዶ መጀመር አያስፈልግም፡፡ አሁን የሚሠራውን ከርነል የኮንፊግ ፋይል ከቡት ፎልደር ገልብጦ «ሜክ ኦልድዴፍኮንፊግ» ማለት ብዙ ድካም ያስቀራል፡፡

ኮምፒዩተሩ አልነሳ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በዲስኩ ምክንያት ነው፡፡ ዲስኩን የሚያነበው ድራይቨር ሞጁል ሆኖ እዚያው ዲስክ ላይ ከተቀመጠ፣ የሳጥኑን ቁልፍ ሳጥኑ ውስጥ እንደ መቆለፍ ነው፡፡ ስለዚህ የዲስኩን ድራይቨርና የፋይል ሲስተሙን፣ ለምሳሌ ኢኤክስቲ4ን፣ «ዋይ» ማድረግ፤ አለዚያም ግረብ ከከርነሉ ጋር ሚሞሪ ላይ በሚጭነው ኢኒትራምኤፍኤስ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል፡፡ ፋይሎቹን በኤንኤፍኤስ ከኔትወርክ የሚያመጣ ማሽን ከሆነ የኔትወርክ ካርዱም ድራይቨር በዚሁ ደንብ ይገዛል፡፡ ዋየርለስ ግን ተቃራኒው ነው፡፡ ካርዱ ፈርምዌር የሚባል ፋይል ከዲስክ ይፈልጋል፤ ድራይቨሩ «ዋይ» ከሆነ ዲስኩ ሳይከፈት ፈልጎ ሊያጣው ስለሚችል «ኤም» ይሻለዋል፡፡

«ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ» የተባለ አቋራጭ አለ፡፡ በዚያ ሰዓት የተጫኑትን ሞጁሎች ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይጥላል፡፡ እኔ በዩኤስቢ የሚሰካውን የኔትወርክ አዳፕተሬን ሳልሰካ አዝዤው፣ ማሽኑ በሰላም ተነስቶ ኔትወርክ አልባ ሆኖ አገኘሁት፡፡ አስቀድመው ሁሉን ይሰኩ፤ «ኤልኤስፒሲአይ» ከ«ኬ» አማራጭ ጋር የውስጥ ካርዶችዎ የሚጠቀሙበትን ድራይቨር ስም ይነግርዎታል፤ ይጻፉት፡፡

ሰርቨሩ ሩቅ ከሆነ ደግሞ አሮጌውን ከርነል አያጥፉ፡፡ ለአዲሱ «ሎካል ቨርዥን» በሚለው ቦታ የተለየ ስም ይስጡት፤ አለዚያ ሞጁሎቹ በአሮጌው ላይ ሊጻፉ ይችላሉ፡፡ የግረብን «ዲፎልት» ምርጫ «ሴቭድ» አድርገው አሮጌውን ያስቀምጡ፤ አዲሱን በ«ግረብ ሪቡት» ለአንድ ጊዜ ብቻ ያስነሱት፤ ትእዛዝ መስመሩ ላይም «ፓኒክ=10» ይጨምሩ፡፡ ከርነሉ ከወደቀ ከ10 ሰከንድ በኋላ ማሽኑ በራሱ ወደ አሮጌው ይመለሳል፡፡ የጠፋው ኔትወርኩ ብቻ ከሆነ ግን ከርነሉ አልወደቀምና አይመለስም፤ ያን ጊዜ ማሽኑን አጥፍቶ የሚያበራ ሰው አጠገቡ መኖር አለበት፡፡